የድሮ የኮምፒውተር ቺፕ እንዴት ይሰበሰባል? ፎርጅዱስ በምን ይታወቃል?

የድሮ ቺፕ መሰብሰብ የምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦንላይን ለመግዛት አትቸኩሉ። ፎርጅዱ የሞላው እዚያ ነው። እኛ ጋ ያለው ሀብት ሌላ ነው፤ ማንም ያልነካካው፣ ከነቦርዱ የተጣለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ፋክስ፣ የማሽን መቆጣጠሪያ። ቦርድ ላይ እንደተበየደ የተገኘ ቺፕ ምስክሩ አብሮት አለ። ለብቻው ተነቅሎ፣ ተወልውሎና ታሽጎ የመጣ ቺፕ ግን ማንነቱን በራሱ አካል ማስረዳት አለበት፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ማስረጃ አይሆነውም።

ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ቺፖቹ ላይ የሚታተመውም እሱ ነው።

መጀመሪያ መስመር ያዙ

ያየውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው መጨረሻ ላይ የሚቀረው ካርቶን ሙሉ ኮተት ነው። አንዱ ሰው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን በተራ ይሰበስባል፤ 8080 ከ1974፣ 8086 ከ1978፣ 8088 ከ1979፣ 286 ከ1982፣ 386 ከ1985፣ 486 ከ1989፣ ፔንቲየም ከ1993። ሌላው አንድ ቺፕ ብቻ መርጦ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሩትን ያሳድዳል። ለምሳሌ ዜድ80ን በ1976 ያወጣው ዚሎግ ነው፤ ግን ሌሎችም ብዙ ሠርተውታል፣ ምሥራቅ ጀርመን ሳትቀር ዩ880 የሚባል የራሷ ቅጂ ነበራት። ለኪስ የሚመቸው ይሄ ሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል።

የሁሉም ሰው ሕልም ኢንቴል 4004 ነው። በኖቬምበር 1971 የወጣ፣ 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ያለው፣ 16 እግር ያለው ትንሽ ቺፕ ነው። ነጭ ሴራሚክ ሆኖ ግራጫ መስመሮች የሚታዩበት የመጀመሪያው ዓይነት ከሁሉም ውዱ ነው። ከስሙ በፊት ያለችው ፊደልም ትርጉም አላት፤ ሲ ከሆነች ሴራሚክ፣ ፒ ከሆነች ፕላስቲክ፣ ዲ ከሆነች ሁለት የሴራሚክ ቁራጮች በመስታወት ተጣብቀው የተሠራ ማለት ነው። ሲ የሚል ጽሑፍ ይዞ አካሉ ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ ኢንቴል ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። እና 4004 በርካሽ አለኝ የሚል ሰው በቴሌግራም ከመጣ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እግሩን ቁጠሩ።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ፕሮሰሰር ሳይሆን ኢፒሮም ነው። መሐሉ ላይ ክብ የመስታወት መስኮት ያለው የማስታወሻ ቺፕ ማለቴ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ሲሊከኑ ራሱ ይታያል፤ በደንብ ካጎላችሁት ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስም ወይም ዓመቱ እዚያው ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከላይ የተጻፈውን ከውስጥ ካለው ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ፎርጅድ ሠሪ የላይኛውን ጽሑፍ ይቀይር ይሆናል፣ ሲሊከኑን ግን አይነካውም። በድሮ የኮምፒውተር ማዘርቦርዶች ላይ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የሚቀመጠው በዚህ ነበር፣ ወረቀት ተለጥፎበት። ወረቀቱን አትላጡት። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ፕሮግራም በሳምንት ገደማ ሊጠፋ ይችላል፤ የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ 3 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

የት ይገኛል?

ደሴ ላይ መነሻው ፒያሳ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጥገና ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከጀርባ አንድ ጥግ አላቸው፤ "ለስፔር ይሆናል" ተብሎ የተቀመጠና ለስፔርም ያልሆነ ክምር። ጠጋኙን በሥራ ሰዓት አታጨናንቁት። ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲልለት ሄዳችሁ "ጋሼ፣ የማትፈልገው ቦርድ ካለ ልየው?" በሉት። ቀጥሎ ቁራሌዎች አሉ። እነሱ ጋ ዕቃው ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በኪሎ ነው፤ እናንተም በኪሎ አስቡት። አንዱን ቺፕ ነጥላችሁ "ይሄን ብቻ ስንት?" ካላችሁ ዋጋው ወዲያው ወርቅ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ወርቅ እውነት አለበት። የ1995ቱ ፔንቲየም ፕሮ የመሰሉ የሴራሚክ ቺፖች በወርቃቸው ምክንያት በዓለም ዙሪያ በብዛት ቀልጠዋል። በቪዲዮ አይታችሁ በአሲድ ወርቅ ለማውጣት ካሰባችሁ ይሄ መመሪያ ለእናንተ አይደለም። ጭሱ ሳንባ ይበላል፣ የሚገኘውም ወርቅ ኢምንት ነው፣ ቺፑም ይጠፋል።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይለያል። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከአሮጌ የኢንዱስትሪ ማሽን የወጣ መቆጣጠሪያ ቦርድ ካገኛችሁ ከተራ ማዘርቦርድ አስበልጡት፤ ዜድ80ና የኢንቴሉ 8085 ፕሮሰሰር እንዲህ ባሉ ቦርዶች ላይ ለረጅም ዘመን ሲሠራባቸው ኖሯል። የመሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት የሚወገደው በጨረታ ስለሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችንም ተከታተሉ፤ ያሸነፈው ሰው የሚፈልገው ብረቱን ነው፣ ቦርዱን በደስታ ይሸጥላችኋል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2021 መጨረሻ፣ በሁለቱም ከተሞች ከመሥሪያ ቤትና ከፋብሪካ ብዙ ዕቃ ተዘርፏል። ቦርድ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ከሆነና ሻጩ ሽቅብ ቁልቁል የሚል መልስ ከሰጠ ትታችሁ ሂዱ።

ሳትነቅሉ አንብቡ

ቦርዱ እጃችሁ ሲገባ የመበየጃ ካውያ አታንሱ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፤ ሙሉውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቺፕ በቅርበት፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ።

ከዚያ ቀኑን ፈልጉ። ብዙ ቺፖች ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመት፣ የቀሩት ሁለቱ ሳምንት ናቸው። 8423 ማለት የ1984 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ የግንቦት 1976 መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። ኢንቴል ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ አጻጻፍ ይጠቀማል። ረጅሙ ኮድ በፋብሪካው መለያ ይጀምርና ቀጥሎ አንድ አሃዝ ለዓመት፣ ሁለት አሃዝ ለሳምንት ይሰጣል። አንድ አሃዝ ብቻ ስለሆነ 5 የ1985 ይሁን የ1995 የምትለዩት በሌላ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የኢንቴል ቺፕ ላይ በክብ ውስጥ ካለች የሲ ምልክት ጎን 78 ወይም 82 ተጽፎ ያይና የተመረተበት ዓመት ይመስለዋል። የንድፉ የባለቤትነት ዓመት ነው። 78 የሚል ቺፕ በ1986 የተመረተ ሊሆን ይችላል። ይቺ ቁጥር ግን ሌላ ጥቅም አላት። የመጀመሪያው 8088 ከኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ለአስቸኳይ ጥሪ ከሚያቋርጥበት አሠራር) ጋር የተያያዘ ስሕተት ነበረበት፣ በኋላ ታርሟል። 78 ብቻ የሚለው አሮጌው ነው፣ ከጎኑ 81 ወይም 83 የተጨመረበት የታረመው ነው። ለሥራ የታረመው ይሻላል፣ ለስብስብ ግን ስሕተት ያለበት ይፈለጋል። 386ም ላይ እንዲሁ ነው። በ1987 ኢንቴል አንዳንዶቹ ባለ 32 ቢት ማባዛት ላይ እንደሚሳሳቱ አወቀ፤ ፈተናውን ያለፉትን በሁለት የሲግማ (Σ) ምልክት፣ የወደቁትን ደግሞ ለ16 ቢት ሶፍትዌር ብቻ በሚል ጽሑፍ ለያቸው። ሁለቱም ሰብሳቢ አላቸው።

ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀኖች ሁሉ ጎን ለጎን ጻፉ። ጤነኛ ቦርድ ላይ ቀኖቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀራረባሉ። ከጓደኞቹ በብዙ ዓመት የራቀ ቺፕ ካለ፣ በተለይ ሶኬት ላይ ከተቀመጠ፣ በኋላ የተተካ ነው። የተተካ ማለት ፎርጅድ ማለት አይደለም፤ ምስክርነቱን ግን ቦርዱ አይሰጠውም።

ማውጣት

የ286፣ የ386 ወይም የ486 ማዘርቦርድ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። በርሜል መሳይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ባትሪ ካለ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ፈሳሹ መዳብ ይበላል። አረንጓዴ ዝገት የታየበትን ቦታ በጥጥና በኮምጣጤ አብሱ፣ ከዚያ በአልኮል፣ ከዚያ አድርቁ።

ሶኬት ላይ ያለውን ቺፕ ከሁለቱም ጫፍ በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ተራ በተራ በጥቂቱ አንሱ። በአንድ ወገን ብቻ ከፈነቀላችሁት እግሩ ይታጠፋል፣ የታጠፈ እግር ሲቀና ይሰበራል። የተበየደውን ደግሞ ሆት ኤር ያለው የሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱ፤ ሥራውን ያውቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቦርዱ ትንሽ ከሆነ አትንቀሉት። ከነቦርዱ ያለ ቺፕ ለማንም ሲታይ ጥያቄ አያስነሳም። ቦርድ ከሰል ላይ አድርጎ ቺፕ ማራገፍ የሚባለውን ደግሞ በፍጹም አትሞክሩ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሴራሚኩም ይሰነጠቃል። እርሳስ ያለበት ብየዳ ስለሆነ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ በተለይ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት።

አሁን ወደ ፎርጅዱ

ፎርጅድ ቺፕ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ፕላስቲክ ማለት አይደለም። እውነተኛ ቺፕ ነው፣ ስሙ ነው የውሸት። ከቆሻሻ ቦርድ የተነቀለ ርካሽ ቺፕ ላዩ በአሸዋ ወረቀት ይታሻል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ አዲስ ስም ይታተምበታል፤ ያረጀ ጫማ ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ መሸጥ በሉት። በዚህ በጣም ከተጠቁት አንዱ ኮሞዶር 64 የሚባለው የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር የድምፅ ቺፕ፣ 6581፣ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ የፔንቲየም ፍጥነት ይጭበረበር ነበር፤ 133 ሜጋኸርዝ የሚለውን ፍቆ 166 ብሎ መሸጥ።

ኬሚካል ከማንሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን ተጠቀሙ። አጉሊ መነጽር ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ የወርቅ ሠሪ ጓደኛ ያለው ደግሞ የእሱን መነጽር ይዋስ፣ ከሁሉም ይሻላል። የምታዩት እነዚህን ነው።

ላዩና ታቹ። የፕላስቲክ ቺፕ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ የላዩና የታቹ ሸካራነት ይመሳሰላል። ታቹ አሸዋማ ሆኖ ላዩ ለስላሳ ወይም እንደ ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጠራጠሩ። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች የአሸዋ ወረቀት ምልክት ናቸው።

ጎድጓዳዎቹ። ላዩ ላይ ያለችው ክብ ጉድጓድ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ውስጡ ንጹሕና ጥልቀቱ እኩል መሆን አለበት። ጉድጓዱ ጠልቆ የማይታይ ከሆነ ላዩ ተፍቋል፤ ውስጡ በቀለም ከተሞላ ደግሞ ተቀብቷል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን ነው፤ አጭበርባሪው ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነውና።

እግሮቹ። አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ ቺፕ እግሩ ላይ የስታኞ ጠብታ፣ የካቻቢቴ ጭረት ወይም ሁሉንም እኩል የሸፈነ አዲስ ብልጭታ ካለ፣ አዲስ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ቺፕ እግሩ ትንሽ ቢጠቁር ጤና ነው፤ እንደ መስታወት ካበራ እንደገና ተነክሯል።

ጽሑፉ። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ መጀመሪያ ፕላስቲክ ቺፖች ባብዛኛው በቀለም ነው የታተሙት። 1979 የሚል ቀን ይዞ በሌዘር የተቃጠለ ጽሑፍ ያለው ፕላስቲክ አጠራጣሪ ነው። አርማውንም አስተውሉ። ድሮ የኢንቴል አርማ ላይ ኢ የምትባለዋ ፊደል ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ነበር የምትቀመጠው፤ ይሄ የተቀየረው በ2006 ነው። አዲሱን አርማ ይዞ 1982 የሚል ቺፕ ካያችሁ ለሻጩ ሳቁበት። ቺፑ ራሱ ከመፈጠሩ በፊት ያለ ቀንም ያጋጥማል። በተቃራኒው፣ ዜድ80 ላይ የ2015 ቀን ብታዩ አትደንግጡ፤ ዚሎግ ማምረት ሊያቆም መሆኑን ያስታወቀው በ2024 ነው።

ብዛቱ። አንድ ሻጭ አሥር ቺፕ ልኮ የአሥሩም ቀን አንድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ይመስላል። ገልብጣችሁ ታቻቸውን እዩ። ከላይ አንድ ዓይነት ሆነው ከታች የተለያየ አገርና የተለያየ የቅርጽ ምልክት ካላቸው፣ አሥሩም ከተለያየ ቆሻሻ የተለቀሙ ናቸው።

የአሴቶን ፈተና

ዓይን ካልቆረጠላችሁ አሴቶን አለ። የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግዙ፣ ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ አሴቶን የሌለበት ዓይነትም አለ፣ እሱ አይሠራም። መስኮት ክፈቱ። ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል ከሰል አጠገብ አትሥሩ፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ፕላስቲክ ጠረጴዛም ስለሚያበላሽ ከሥር ሳህን አድርጉ።

የጆሮ ጥጥ ነከር አድርጋችሁ ጽሑፍ የሌለበትን ጥግ እሹ። ጽሑፉን አትንኩ፤ እውነተኛ የድሮ የቀለም ጽሑፍም በአሴቶን ሊለቅ ይችላል፣ ያኔ ሀቀኛውን ቺፕ ራሳችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው። ጥጡ እንደ ከሰል ከጠቆረና ከሥር ሌላ ዓይነት ገጽ ብቅ ካለ ተቀብቷል። ትንሽ ግራጫ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ አቧራ ነው። ጥጡ ንጹሕ ከወጣ ግን ቺፑ አለፈ ማለት አይደለም፤ አሁን አሴቶን የማይበግራቸው ቅቦች አሉ። ሴራሚክ ቺፕ ላይ ይሄን ፈተና አልመክርም፤ የወርቅና የቀለም ጽሑፉን ለምንም ታጣላችሁ።

በቴስተር

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እኔ ግን ከአሴቶኑ አስበልጠዋለሁ። ጫፉ ላይ ያለውን ጥርስ ወደ ላይ አድርጋችሁ ቺፑን ያዙ፤ 1ኛው እግር የግራው ላይኛ ነው። በግራ ወደ ታች ቆጥራችሁ በቀኝ ወደ ላይ ትመለሳላችሁ።

8088 ላይ 1ኛውና 20ኛው እግር ሁለቱም መሬት (ግራውንድ) ናቸው፣ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ንኩ፤ መጮህ አለበት። ካልጮኸ 8088 አይደለም ወይም ሞቷል። 6502 የሚባለው ሌላ የድሮ ፕሮሰሰር ላይ የሚገናኙት 1ኛውና 21ኛው ናቸው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ዌስተርን ዲዛይን ሴንተር የሚባለው ኩባንያ አዲሱ የ6502 ዓይነት፣ ደብሊው65ሲ02ኤስ፣ 1ኛው እግሩ ሌላ ሥራ ስላለው አይጮህም። ስለዚህ በዚህ ስም የተሸጠላችሁ ቺፕ ከጮኸ ላዩ ላይ ሌላ ስም የተጻፈበት አሮጌ 6502 ነው። ዜድ80 ደግሞ ከሁሉም ለየት ይላል፤ ኃይሉ 11ኛ ላይ፣ መሬቱ 29ኛ ላይ ነው።

ከዚያ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አዙሩና ከመሬት ወደየእግሩ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። እውነተኛነቱን ከምታውቁት አንድ ዓይነት ቺፕ ጋር አስተያዩ። ሁሉም እግር ምንም ካላሳየ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ቦርድ ያላችሁ ደግሞ አሠርታችሁ እዩ። ዜድ80 በሁለት ዓይነት አሠራር ይገኛል፤ የድሮው፣ ኤንሞስ የሚባለው፣ ሲሠራ ሞቅ ይላል፣ ትንሽ ኃይል የሚፈጀው ሲሞሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ፕሮግራም ለምትጽፉ፣ በመመሪያው የሌለው ኢዲ 71 የሚባል ትእዛዝ ኤንሞሱ ላይ 0፣ ሲሞሱ ላይ 255 ያወጣል።

ኦንላይን መግዛት የግድ ከሆነ

ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይግዛላችሁ፣ ዕቃውም መጀመሪያ እሱ ጋ ይድረስና ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ለሻጩ የላዩን፣ የታቹንና የጎኑን ፎቶ ጠይቁ፤ "የሚላከው ራሱ ይሄ ነው?" ብላችሁም ማረጋገጫ ውሰዱ። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምሳሌ ፎቶ ብቻ ያለውን ዝለሉት። ፔንቲየም ከሆነ ላዩ ላይ በኤስ የሚጀምረውን ባለ አምስት ሆሄ ኮድ ፈልጉና ፍጥነቱ ከኮዱ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።

ማስቀመጥ

ደሴ ጉምና እርጥበት አላት፣ እግር ያዝጋል። የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምሩ። ከሃርድ ዲስክ ወይም ከራም የተረፉ ግራጫ ፀረ ስታቲክ ከረጢቶችን አትጣሉ፣ ለዚህ ነው የሚሆኑት። አሮጌ ጥቁር ስፖንጅ ላይ የተሰካ ቺፕ ካገኛችሁ ንቀሉት፤ ስፖንጁ ሲበሰብስ እግሩን ይበላዋል። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ብርድ ናይለን ጃኬት ለብሳችሁ ቺፕ አትንኩ፣ ከመንካታችሁ በፊትም የውሃ ቧንቧ ወይም ሌላ መሬት የነካ ብረት ያዙ።

ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ ወረቀት ይኑረው፤ ከየት መጣ፣ ከምን ቦርድ ወጣ፣ ላዩና ታቹ ምን ይላል፣ ቴስተሩ ምን አሳየ። የተረጋገጠ ፎርጅድ ሲያጋጥማችሁም አትጣሉት። ታቹ ላይ በማይለቅ ቀለም "ፎርጅድ" ብላችሁ ጻፉበትና ለብቻው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቀጣዩ አጠራጣሪ ቺፕ ሲመጣ አጠገቡ አድርጋችሁ የምታስተያዩት ከእሱ ጋር ነው።